ሁለት ቀለበት የጎደለው መጋረጃ

ባቱሚ ይዘንባል፤ ይኸው ዘጠኝ ቀኑ፣
መርከቦች በጭጋግ ከወደብ ባከኑ።
አንዲቷ ክፍላችን አራት አልጋ ይዛለች፣
የእኔዋ ሦስተኛ፣ በሩን ታያለች።
ሐኪሙ አንጀቴን ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣
በጎኔ ከረጢት ትቷል አንጠልጥሎ።
ሰው ዝም ሲል ጠብቆ እሱ ያጉረመርማል፣
ያልነገርኩትን ሁሉ ለክፍሉ ያሰማል።

አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ለልጆች አስተምሬ፣
የአገርን ወሰን በጠመኔ አሥምሬ፣
ዛሬ የራሴ ወሰን፣ የገላዬ ካርታ
በሰው ፊት ተዘርግቷል፣ ያለ ይሉኝታ።

መጋረጃ አለኝ፤ ቀለሙ የለቀቀ፣
ሁለት ቀለበቱ ከሐዲዱ የወለቀ።
በዚያች ክፍተት በኩል፣ በስንዝሯ በር፣
ዓይን ይገባል፣ ይወጣል፣ ሳያንኳኳ፣ ሳያፍር።

ላምዚራ ጎረቤቴ፣ የኬዳ ተራራ ሴት፣
ዘመዷ አያልቅም፤ አሥራ አንድ ላይ በሩ ሲከፈት
ጎርፍ ነው፦ እርጥብ ካፖርት፣ የሚያነባ ጃንጥላ፣
መንደሪን በፌስታል፣ ሾርባ በሸክላ፣
ሕፃን በትከሻ፣ አጎት፣ የአጎት አማች፣
የሐሞቷን ጠጠር በጠርሙስ ያመጣች
አክስት።

ጠያቂ ነው ስሙ። ስሙንም ይመስላል፤
«በላሽ ወይ? ተኛሽ ወይ? ሽንትሽስ?» ይላል፣
መልሱን ሳይሰማ ሌላ ይከትላል።
ላምዚራ ትስቃለች፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ፤
ሲሄዱ ታለቅሳለች፣ ፊቷ በትራስ ተሸፍኖ።
«ደከመኝ» አትልም፤ ነውር ነው በእነሱ ቤት
ለመጣ እንግዳ ጀርባን መስጠት።

እኔንማ ማን ይምጣ? ልጄ መርከበኛ፣
ድምፁ በስልክ ይደርሳል፣ ተቆራርጦ፣ እንቅልፈኛ።
እውነት ልናገር፦ ቀናሁ። ልድገም፦ ጠላሁ።
ከመንደሪኑ ልጣጭ፣ ከሽታው ተጣላሁ።

ሐሙስ ዕለት ግን፣ ክፍሉ በሰው ጢም ብሎ፣
ከረጢቴ ፈነዳ፤ ሙቀቱ ወረደ ቸኩሎ።
ሽታው ቀድሞ ነገረኝ። ደወሉን ጨበጥኩ።
አንድ ሕፃን አፍንጫውን ያዘ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጉሊኮ መጣች፣ ነርሷ፣ ሣህን ይዛ፣ ፎጣ፤
መጋረጃውን ሳበች፣ ጫፉ ግን አልመጣ።
«ሁለት ሰው ለአንድ አልጋ» ይላል ደንቡ በር ላይ ተለጥፎ፤
እሷም ታውቀዋለች፤ ትተወዋለች፣ ልቧ ተሸንፎ።

ያን ጊዜ ሮይን፣ የወደብ ሠራተኛ፣
ያን ቀን ሁሉ ጥግ ላይ የነበረ ዝምተኛ፣
ተነሳ። ምንም አላለም። መጥቶ ጀርባውን ሰጠኝ።
በክፍተቷ ልክ ቆሞ፣ በትከሻው ጋረደኝ።

ለእንግዳ አይሰጥም የተባለው ጀርባ፣
ክርኑ የሳሳ፣ የገመድ ቅባት፣ የዝናብ ጠረን የገባ።
ጉሊኮ አጠበችኝ፣ ውሃው ለብ ያለ፤
ከጀርባው ወዲያ ወሬው ቀጠለ፦
የጣራ ፍሳሽ፣ የመንደሪን ዋጋ፣ የጠፋች ላም፤
ስለ እኔ ግን አንድም ቃል የለም።
አለመጠየቅም መጠየቅ ነው ለካ፤
ሰውየው አንገቱን እንኳ አልዞረም፣ ሥራዋ እስኪበቃ።

ሌሊት፣ ሁላችን ተኝተናል ስንባባል፣
ላምዚራ በጨለማ «መምህርት» ትላለች፣ ድምፅዋ ይሰበራል፤
«ሦስት ብቻ ይምጡ ነገ። እኔ እንዴት ልበላቸው?
አንቺ ንገሪልኝ ለጉሊኮ። እሷ ደንብ ነው ትበላቸው።»
«እኔ አማረርኩ በያቸው» አልኳት፣ «ስሜን ስጪ፤
እኔን ቢጠሉኝ ምን ይጎድለኛል? አንቺ ግን ተኚ።»

አርብ ሦስት መጡ። ሮይን አልነበረም።
አክስቲቱ በግልምጫ አየችኝ፤ አልደነቀኝም።
ላምዚራ በጨዋታ መሀል እንቅልፍ ወሰዳት፣
አፏ ተከፍቶ፤ ማንም አልቀሰቀሳት።
ክፍሉ ጭር አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ፣
ከረጢቴም አጉረመረመ፣ ብቻውን ተናገረ።

ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ሲቀረው፣
ልጣጭ ሸተተኝ መሰለኝ፤ የለም፣ ሳሙና ነው።
ለማንም አልነገርኩም፤
ማበጠሪያዬን ከመሳቢያው አወጣሁ፣
ፀጉሬን አበጠርኩ።